ጉትቻዎቹ ፊልሙ ውስጥ የሉም

ውድ አባዬ፣

ስልክ ብደውል ትዘጋብኛለህ፤ ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ። ስለ ዘረፋው የተሠራውን ፊልም ትናንት ከሰዓት በኋላ በደብሩ አዳራሽ አሳዩን! እስካሁን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። አንተ "ውሸት ለማየት ከቶሪኖ ድረስ አልመጣም" ብለህ ቀረህ እንጂ የሮካፍሬዳ ሰው አንድ ሳይቀር ነበረ።

ውሸቱማ ሞልቷል። ከእመቤታችን ሐውልት ወርቁን የዘረፉት ሁለት ሌቦች አራት ሆነዋል። ያመለጡባት ቲማቲም የጫነች ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ጥቁር መኪና ሆና ስትከንፍ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንተን ባለጺም አድርገውሃል። ባለፈው ዓመት አንተን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ለቀረጻ ሲመጣ፣ ባለቡና ቤቱ ሳቬሪዮ ቡና አልሸጥልህም ብሎት እንደነበር ነግሬሃለሁ። ተዋናይ ነኝ ቢለው፣ "እሱስ ገብቶኛል፤ ግን ካኒዮን መስለሃል" አለው። ለአንተ ስቄ ነገርኩህ፤ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሌቦቹ ሲያዙ የቤተ ክርስቲያኑን በር ክፍት አገኘነው አሉ። ቁልፍ ያዡ ደግሞ አንተ ነበርክ። ጠፍቶ የቀረው ሰዉ በስለት የሰጠው የእናቱ ቀለበት፣ የአያቱ ሐብል ነውና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር አላሉህም።

ታዲያ ፊልሙ ላይ ምን ቢያሳዩ ጥሩ ነው? አንተ የቀትሩን ደወል ስትደውል አንዱ ሌባ ከኮትህ ቁልፉን ወስዶ ቅርጹን ሳሙና ላይ ሲያትም! የጋብቻ ቀለበታቸው የተሰረቀባቸው እትዬ ኑንዚያታ ተነስተው፣ "ሌባ አምነን ካኒዮን አማነው" አሉ። ሳቬሪዮ ዓይኑን እየጠረገ አድራሻህን ጠየቀኝ።

ዳይሬክተሯን ለብቻዋ ይዤ ይህን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት።

"ከየትም" አለችኝ ሳታፍር። "በሩ ዝም ብሎ ክፍት ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኔው ፈጠርኩት።"

በሩ ክፍት ነበር፣ አባዬ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። እማዬ ስትሞት ጉትቻዎቿን ለእመቤታችን ሰጥተህ አኩርፌህ ነበር፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የዘረፋው ዕለት ምሳ ስትበላ ቁልፉን ከኮትህ ወሰድኩ፤ ገብቼ ጉትቻዎቹን ከሐውልቱ ነቀልኩ፤ የሰው ኮቴ የሰማሁ መስሎኝ ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ከዚያ ሁሉ ወርቅ የተረፉት እነሱ ብቻ ናቸው። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ አሉ።

አንተም ሳታውቅ አልቀረህም። መጀመሪያ ሰሞን ላገኘኸው ሰው ሁሉ "ቆልፌያለሁ" እያልክ ትምል ነበር። አንድ ቅዳሜ አንሶላዬን ልትቀይርልኝ ገባህ። ጉትቻዎቹ ትራሴ ስር ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መማልህን ተውክ፤ ስለ ጉትቻዎቹም ለእኔ አንድ ቃል አልተናገርክም።

አሁን በፈጠራ ነጻ ወጥተህ እኔ ዝም ልል አልችልም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉትቻዎቹን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ፈርቻለሁ ብልህ እዋሻለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ደስታ ነው! የቅዳሜውን ባቡር ያዝና ና። ሳቬሪዮ ቡና የሚከለክለው ሰው ካስፈለገው እኔ አለሁለት።

ልጅህ ኢንኮሮናታ