ሳያንቅ የሚይዝ ቋጠሮ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን አብሮኝ የኖረ ስለሆነ አልከሰውም። ፊደል የተማርኩት ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ እየለቃቀምኩ ስለሆነ፣ ቃል ጎድሎ ብታገኝ አንተው ሙላበት።

ባለፈው ስትጽፍልኝ ሥራህ አሁን ቢሮ ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ መሬት ልትለካ ሜዳ መውጣት እንደተውክ ነግረኸኝ ነበር። ደስ አለኝ። ከልጅነትህም ፀሐይ አይስማማህም።

የሰፈራችንን ወሬ ሳትሰማ አትቀርም። ከአባታችን የአትክልት ቦታ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ እስካሉት መንደሮች ድረስ አዲስ ከተማ ሊሠራ ነው፤ ፎቅ በፎቅ። ስብሰባ ተጠርተን ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያዳምጥ ነበር። ጡረተኛው አስተማሪ ተነሱና፣ "አስተያየት ስጡ ብላችሁ ጠራችሁን፤ አፋችንን ሳንከፍት ተወስኗል አላችሁን። ታዲያ ይሄ ስብሰባ ነው ወይስ ለቅሶ?" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ስብሰባውን የሚመራው ኃላፊ አልሳቀም። ቤት ያጣው ሕዝብስ የት ይግባ፣ ሜዳ ላይ ይደር ወይ ብሎ ጠየቀን። እኔስ ልብስ ሰፊዋ ተከራዬ ከነልጆቿ በአንዲት ክፍል እንደምታድር እያወቅኩ ምን እላለሁ? ግን እሷም አብራን ትነሳለች እኮ። ከተነሺዎች ተርታ ተከራይ አይቆጠርም ብለዋታል።

ከስብሰባው በኋላ ቀያሾች መጡ። ያን ዕለት ጎመን ይዤ ገበያ ወርጄ ነበር። ስመለስ መሬቱ በችካል ተወግቶ፣ በየችካሉ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት አገኘሁት። ጎረቤታችን፣ ያቺ "ሬዲዮ" የምንላት፣ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ሁሉንም ነገረችኝ። ሌሎቹ ውሃ ለምነው ጠጡ፤ አንደኛው ግን ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ጀርባውን ለቤታችን ሰጥቶ ነው የዋለው። "አማቱ ደጅ የቆመ ነው የሚመስለው!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ችካል ይነቅል ጀመር። እኔም ወጣሁ። ጨርቁ አልፈታ ሲላቸው በቢላ ይቆርጡታል። የእኔ እጅ ግን እኔን ሳይጠይቅ ፈታው፤ በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ግራ ሳብ። አባታችን ቲማቲሙን ከድጋፉ እንጨት ጋር ያስርባት የነበረች ቋጠሮ ናት። "ሳያንቅ የሚይዝ" ይላት አልነበር? ከሁለት ልጆቹ በቀር ለማንም አላሳየም። "ሬዲዮ" አይታኝ፣ "አንቺ፣ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። ጎመን በየእስሩ ሳስር የለመድኩት ነው አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ፤ ባታምነኝ ኖሮ እስከ ማታ አገር ይሰማው ነበር።

ችካል መንቀላችን ምንም አልፈየደም። አሁን በብረት ተክተው፣ ሥሩን በሲሚንቶ ሞልተው ሄደዋል። አስተማሪው አቤቱታ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ከርመው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ደጃቸው ላይ ሳልፍ ሰላምታው በእጅ ብቻ ሆኗል። ሰዉ በሩን እየነቀለ፣ ቆርቆሮውን እያወረደ ነው። እኔም ዘንድሮ ቲማቲም አልተከልኩም።

ሰው የታዘዘውን ይሠራል፤ በዚህ ማንንም አልቀየምም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ዕለት በሩን አልቆለፍኩትም ነበር። ፔርሙዙም ሻይ ነበረበት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው በሩን ገፋ ቢያደርገው ይከፈትለት ነበር።

ቤት የሚያፈርሰው ማሽን ከመድረሱ በፊት ብቅ ብትል ቤቱን ታየው ነበር። ካልተመቸህም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ የት እንደምገኝ እኔም ስለማላውቅ አድራሻ አልጽፍልህም።

በወረቀቱ መሃል አንድ ቀይ ጨርቅ ታገኛለህ። ከችካሉ ላይ ቋጠሮውን ሳልነካ ያወለቅኩት ነው። ይሄኛውን ለመፍታት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንተ ፍታው።

ፀሐይ አይንካህ። የረገጥከው መሬት ሁሉ ይለምልምልህ።

በሯን የማትቆልፈው
እህትህ