ቺሶሞ ያልተቀባችው ቅቤ

ለምወድህ ወንድሜ ለጌታነህ ኤርሳዶ፣

በእኛው አፍ ሳሮ ብዬሃለሁ። እንደምን ከርመሃል? የተመታው ራስህስ እንዴት ሆነልህ? ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዝሃል ወይስ ትቶሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሱቁ ከተቃጠለ ወዲህ ከጓደኛህ ከቸሩ ጋር በአንድ ክፍል እንደምታድሩ ሰምቻለሁ፤ እሱስ ጤናው እንዴት ነው? የሚበላ ነገር በሰዓቱ ታገኛላችሁ? ልማዱ ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» እንድልህ ያዘኛል። ደህና አይደለንም፣ ጌታነህ። በውሸት አልጀምርልህም።

ባለፈው በስልክ «መጥቼ የባሮክን ደም ካላፈሰስኩ የኤርሳዶ ልጅ አይደለሁም» ብለህ ስትምል እማዬ የስልኩን ድምፅ ለቃው ስለነበር ግቢው በሙሉ ሰምቶሃል። ወንድማችን ባሮክም በማግስቱ ባጃጁን አቁሞ ዲምቱ ዘመድ ጋ ሄደ። እኔ ደጋግሜ ደወልኩልህ፤ ሰድበኸኝ ዘጋህብኝ። ስለዚህ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይህን ወረቀት በእጁ ሰጠሁት። ወረቀት አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አንብበህ ነው የምትቀደው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ወሬ እንደምትወድ አውቃለሁ። ለአንተ የደረሰህ ወሬ በየአፉ የተቆራረጠ ነው። እማዬ ምራቴ አበደች ብላሃለች፤ ቸሩ ደግሞ ባሮክ ሚስትህን ሊገድል ነበር ብሎሃል። ሁለቱም ግማሽ ነው።

ሚስትህ ቺሶሞና ልጅህ ህብረት ነሐሴ ላይ ሲደርሱ ከመናኸሪያ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሙሽራ ስትመጣ አማት በር ላይ ቆማ አናቷ ላይ ቅቤ እንደምታደርግላት ታውቃለህ። ያ ቅቤ ያልነካት ሴት ዓመት ብትቀመጥም እንግዳ ናት። ለቺሶሞ ባጃጅ ውስጥ ይህንኑ ነግሬያት ሻርፗን ፈትታ፣ አጭር ፀጉሯን በመዳፏ አስተካክላ ወረደች። እማዬ በር ላይ ቆማ እሷን አየቻት፣ ህብረትን አየቻት፣ ከዚያ «ቅቤ ዘንድሮ ተወዷል፤ ደግሞ ይሄ ፀጉር የት ይይዘዋል?» ብላ ተመልሳ ገባች። ቺሶሞ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለውን ምን ብዬ ልተርጉመው? ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ይደረግልሻል አልኳት። እሷም አመነችኝና ጊፋታን መጠበቅ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ የግቢው ወሬ ሁሉ ቀለም ሆነ። የአባታችን እህት ፋንታዬ ጠዋት መጥታ ማታ ነው የምትሄደው። «ቀይ ልጅ ከተማው ሞልቶ፣ የነጋዴው ልጅ ናርዶስ እያለችለት፣ ልጃችን ባሕር አቋርጦ ከሰል ይዞ መጣ» ትላለች፣ እዚያው ቺሶሞ ፊት፣ እየሳቀች። ቺሶሞ ደግሞ ሰው ሲስቅ የምትስቅ ናትና አብራት ትስቃለች። ያኔ ደሜ ይፈላል። ይህን የምትለው እኮ ፊቷ በክሬም ቀልቶ የጣቶቿ አንጓ ጠቁሮ የቀረ ሴት ናት!

እኔ ወደ ፀጉር ቤቴ እየወሰድኩ አብራኝ እንድትሠራ አደረግኋት። ሹሩባ ስትሠራ ብታያት! አገሯ ሳለች ከእናቷ የተማረችው ነው አሉ፤ የሶዶ ሴት ወረፋ ይዛ ትጠብቃት ጀመር። ግን አንዷ የቢሮ ሴት ግማሹ ተሠርቶላት ሳለ ወደ እኔ ዞር ብላ «እጇ አይለቅም አይደል?» አለችኝ። ወንበሩን ከሥሯ ሳብኩትና ግማሽ ሹሩባዋን እንደተሸከመች በሩን አሳየኋት። እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ ሄዳ ያን የሚመስል የሚጨርስላት አላገኘችም፤ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ጊፋታ ዋዜማ ልምጣ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቺሶሞና እኔ ቀና ብለን አላየንም። ህብረትን ለእማዬና ለአክስታችን ትተናት ነበር የወጣነው። በማግስቱ የበዴሳና የዲምቱ ዘመዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ አክስታችን «የጌታነህ ልጅ እንዲህ ሆና ለዘመድ አትታይም» አለች። ይህን የነገረችኝ እማዬ ራሷ ናት፣ በኋላ፣ ደረቷን እየደቃች። አክስታችን የልጅቷን ፊትና አንገት በክሬም ለቀለቀች፤ ክንዶቿ ላይም ቀብታ በፌስታል ጠቀለለቻቸው፤ እንዲሰርግ ብላ በርጩማ ላይ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት። የአምስት ዓመት ልጅ ናት። አቃጠለኝ ብላ ስትጮኽ «ታገሺ፣ ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» ትላታለች። ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዛ ትመልሳታለች። እማዬም ቆማ ታያለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያኔ ነበር።

ፊቷ ሲያብጥና ውሃ ሲቋጥር ነው እማዬ የነቃችው። ደንግጣ ለበዓሉ ያስቀመጠችውን ለጋ ቅቤ አንስታ ቁስሉ ላይ ደፋችው። ለእናትየው አናት የከለከለችውን ቅቤ፣ ጌታነህ። ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችን ቅቤው ክሬሙን አምቆ ይዞ ነው ይብስ ያቃጠላት።

ጎረቤት ደውሎልን ስንደርስ የልጅቷ ጉንጭ ተልጦ ቅቤው ከደም ጋር ወደ አገጯ ይወርዳል። ቺሶሞ ለዳጣው በርበሬ ሲወቀጥበት የነበረውን ዘነዘና አነሳችና የአክስታችንን ክንድ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ከበር ሰምቻለሁ። ደገመቻት፣ አፏን። ጥርሷ ከደሟ ጋር ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳው ባሮክ ገባ።

ባሮክ ልጅቷን አላየም። ይህን አንብብና ቁም፤ ልጅቷ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ነበረች። ያየው መሬት ላይ የወደቀችውን አክስቱንና ዘነዘና የያዘችውን ሚስትህን ነው። ነጥቆ በጆሮዋ በኩል መታት። ስትወድቅ ደግሞ ጎኗን ረገጣት፤ ደጋግሞ ረገጣት፤ እየረገጠም «ባርያ» እያለ ይሰድባታል። ለዚህ ምክንያት አልፈልግለትም። አክስቱን አየ ብዬ ለመጀመሪያው ምት ልከራከርለት እችላለሁ፤ ለእርግጫውና ለስድቡ ግን አልከራከርለትም። በርጩማውን አንስቼ ጀርባው ላይ ሰበርኩት። ዞር ሲል ህብረትን አየ። እጁ ወረደ፣ ዘነዘናው ከእጁ ወደቀ።

ሌላ መኪና በቅርብ አልተገኘም። ሁሉንም ወደ ሆስፒታል የወሰደው ራሱ ባሮክ ነው፣ በዚያው ባጃጅ። ከኋላ ቺሶሞና አክስታችን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የአንዷ ደም በሌላዋ ቀሚስ ላይ፣ እኔ መሐል ገብቼ ልጅቷን ታቅፌ። እሱ ከፊት እያለቀሰ ይነዳል፤ ድንጋይ ላይ በዘለልን ቁጥር ሦስቱም አንድ ላይ ይጮኻሉ። የጊፋታ ዋዜማ ነውና መንገዱ በሚጨፍር ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሰርገኞች መስለናቸው ያጨበጨቡልን አሉ።

የአክስታችን ክንድ በጄሶ ነው፤ ትድናለች። ቺሶሞ በግራ ጆሮዋ ከእንግዲህ አትሰማም ተብሏል። ጎኗ እየሻረ ነው። ህብረትን ለቁስሏ ዱቦ ሆስፒታል እየተመላለስን እናሳክማታለን፤ ኢንፌክሽኑ ቆሟል። የተላጠው ጉንጯ ላይ የወጣው አዲስ ቆዳ ግን ነጣ ብሎ ነው የወጣው። አክስታችን የተመኘችው ቀለም መጣላት ማለት ነው።

አሁን ክሬሙን ከየት አመጣችው ትለኛለህ። ጥርስህን ነክሰህ አንብብ። ሻንጣው ውስጥ «ለአክስቴ» ብለህ በላስቲክ የጠቀለልከው ነው። ከሱቅህ መደርደሪያ ሥር እየደበቅህ የምትሸጠው። ቺሶሞ ራሷ ያን ሁሉ አገር ተሸክማ መጥታ፣ አማቾቿን ደስ ልታሰኝ፣ በሁለት እጇ አቀረበችላት። እዚያ መጤ ናችሁ ብለው ሱቅህን ሲያቃጥሉ፣ ራስህን ሲፈነክቱ፣ እሷን አገር ቤት ደህና ናት ብለህ ላክሃት፤ እሳቱን ግን በሻንጣዋ ጨምረህ ነው የላክሃት። ልታቃጥል እንዳልፈለግህ አውቃለሁ። ግን ጥቁር ሚስት አግብተህ ለአክስትህ ፊት ማቅያ ክሬም ስትልክ ምን እያልካት ነበር? የባሮክን ደም ከማፍሰስህ በፊት ይህን መልስልኝ።

አባታችንን አስታውስ። ወታደር ሳለ አንዱ ጓደኛው በቀለሙና በወላይታነቱ የሰደበውን፣ እሱም መንጋጋውን ሰብሮት የታሰረበትን ታሪክ በየጊፋታው ሲነግረን አልነበር? «ስድቡ ከአጥንቴ አልወጣም» ይል ነበር። ይኸው ያ ስድብ በገዛ ልጁ አፍ፣ እሱ በሠራው ግቢ ውስጥ ተሰማ። አባባ እንኳን ሞተ አልኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ፖሊስ የቺሶሞን ቃል ተቀብሏል። ክሱን ልትገፋበትም ልትተወውም ትችላለች፤ ገና አልወሰነችም። አንተ የማልከውን ስነግራት «ጆሮው የእኔ ነው፤ ለጌታነህ አላስረከብኩትም። ለእሱ ብሎ ሰው ከገደለ ባሌ አይደለም» ብላለች። እኔ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ነው የተረጎምኩት፤ ቃሉ ቢጎድል እንጂ አልጨመርኩበትም። እሷና ህብረት አሁን ከፀጉር ቤቱ ኋላ ባለችው ክፍሌ ከእኔ ጋር ናቸው።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌው አቶ ባዳቾ እማዬን ይዘዋት መጡ። እማዬ ከስታለች፣ ብታያት አታውቃትም። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ነበር። አቶ ባዳቾ ረጅም ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ እሷ ግን አላስጀመረቻቸውም፤ ቺሶሞ እግር ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ቺሶሞ አነሳቻት። ከዚያም ሻርፗን መፍታት ጀመረች፣ በዚያች መጀመሪያ ቀን እንደፈታችው። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። እማዬ ቅጠሉን ፈታ እጇን ቅቤ አስነክታ ወደ አናቷ ስትዘረጋ ህብረት ከውስጥ ወጣች። ቅቤ የነካውን የአያቷን እጅ አየች። ሮጣ ፀጉር የምናጥብበት ቧንቧ ጋ ሄደች፣ ውሃውን ከፈተች፣ ክንዷን በሳሙና መፈተግ ያዘች። «አያቴ፣ ትንሽ ቆዪ፤ እየታጠብኩ ነው። ገና አልለቀቀም» አለች።

እማዬ እጇ አየር ላይ እንደቀረ ቆመች። ቺሶሞ አማርኛውን በደንብ አትሰማም፤ የልጇን ክንድ ግን አየች። ሻርፗን መልሳ አሰረች። አቶ ባዳቾ በትራቸውን አንስተው ወጡ። ቅቤው እስከ ዛሬ በቅጠሉ እንዳለ መስታወቱ ሥር ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም፣ እኔም አልጣልኩትም።

እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በባሮክ ላይ የማልከውን መሐላ ተወው። እሱን ብትገድለው አንተ ትታሰራለህ፣ እማዬ ትሞታለች፣ ልጅቷ ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ቆሻሻ ነው ብላ ታድጋለች። ከባሮክ ጋር የሚጠያየቁት ቺሶሞና ሕጉ ናቸው። አንተ ለልጅህ ደውልላት፤ ምስሉን ከፍተህ ፊትህን አሳያት፣ ክንድህን አሳያት። ውሃ ካጠገብህ ካለ ታጠብና አሳያት፤ የአንተም እንደማይለቅ ትይ። እኔ ብነግራት አላመነችኝም፤ አክስት የሚለው ስም ተበላሽቶብናል።

ከዚህ ሁሉም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ስምህን ስትጠራ ታለቅሳለች፤ ደውልላት፣ ግን አትጩህባት። አቶ ባዳቾ በሽምግልናቸው ሰላም ይሉሃል። አክስታችን ሰላምታ ልካልሃለች፤ አድርሺ ስለተባልኩ አድርሻለሁ። ባሮክ ከዲምቱ በሰው አፍ «ወንድሜ እስኪመጣ አልሸሽም፤ ከመጣ እዚሁ ያገኘኛል» ብሏል። ለቸሩ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ያን ክሬም እሱም ይሸጥ እንደሆነ አፍሮ ይተው። ቺሶሞ ራስህን ብርድ እንዳይመታው ኮፍያ አድርግ ብላሃለች። ህብረትም ሰላም ብላሃለች። አባዬ ሲመጣ ምን ያምጣልሽ ስላት፣ የዚያ አገር ሳሙና፣ በጣም የሚያስለቅቀውን ብላሃለች።

እህትህ ሐመልማል ኤርሳዶ
ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.