ከአስቤዛው ስለተረፈው ገንዘብ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ግዛቸው፣
የ«አብረን እንቁም» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
የጋራ ቤታችንም የአስቤዛ በጀት ደንጋጊ፣
ሮማ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ለጨጓራዎ ዕረፍት፣ ለምግብ ፍላጎትዎም ዕድገትን እመኛለሁ። በካስትሮ ፕሬቶሪዮው ቤት ስለምንኖረው ስለ እኛ አይጨነቁ። የምግብ ፍላጎቱስ እግዚአብሔር ይመስገን ሞልቶናል፤ የጎደለን ምግቡ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሁሉ ሰው በሚያነበው የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ፣ ስለ እኛ ችግር በሚደረግ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ላገኝዎ አልቻልኩም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች የሻረግ እባላለሁ። ሲኞራ ኦርኔላ የሚባሉ አሮጊት ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ሲያርፉ ወራሾቻቸው ቤቱን ሸጡት፤ እኔም ሥራዬን፣ አልጋዬንና የፔርሜሶዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ዋስትና በአንድ ላይ አጣሁ። ማኅበሩ ሥራ ላጡ እኅቶች በተከራየው ቤት ተቀብሎ አስጠጋኝ፤ አስቤዛ መግዛቱና ማብሰሉም የእኔ ድርሻ ሆነ። ስለዚህ ማመስገኔ ከልቤ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልብ የሆነው ምስጋና ይኸኛው ብቻ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ያኑሩልኝ።

ወደ ጉዳዬ ስገባ፣

፩ኛ. መስከረም ላይ የቤቱ የወር አስቤዛ በተቆረጠ ገንዘብ እንዲሆንና ከዚያ ንቅንቅ እንዳይል ወስነዋል። ያን ዕለት «ቤት የሚፈርሰው ገቢ ሲያንስ አይደለም፤ ወጪ ሲበዛ ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ቁርስ በልቼ ነበርና። ከዚያ በኋላ የዘይት ዋጋ ጨመረ ብዬ ብመጣ «ዘይቱን ቀንሱ» አሉኝ፤ ስኳር ጨመረ ብል «ስኳሩን ቀንሱ» አሉኝ። ዋጋው ያልጨመረ ውኃ ብቻ ስለነበር፣ ሾርባችን ምክርዎን በታማኝነት እየተከተለ ቀጠነ። አገር ቤት የቀበሌው ሊቀመንበር ስኳር በደብተር ሲያድለን ትተነው የሸሸን ሰዎች፣ ሮማ ስንገባ ቀበሌው ቀድሞን ደርሶ ማግኘታችን እንግድነት እንዳይሰማን ረድቶናል።

፪ኛ. በጀቱን ለማድረስ ብዬ ኤስኲሊኖ ያለው ገበያ ሊዘጋ ሲል መሄድ ጀመርኩ። ካርላ የምትባል አትክልት ሻጭ አለች። የተጨፈለቀውን ቲማቲምና የጎመኑን የውጭ ቅጠል በከረጢት እያደረገች «ውሰጂ፣ ውሰጂ፤ ነገ ለማንም አይሆንም» ትለኝ ነበር። ይህ ወሬ ጆሮዎ ደርሶ «በፈረንጅ ፊት የአገር ስም አሰደብሽ» ብለው በጉባኤ ገሠጹኝ። እኔም ተውኩት። የአገራችን ስም በዚህ ስለዳነ እንኳን ደስ ያለዎት።

፫ኛ. እኅታችንን ፀሐይን ያውቋታል፤ ስሟን ግን አንድም ቀን ሲጠሩ ስላልሰማሁ እንደገና ላስተዋውቅዎ። ባሏን አዲስ አበባ ላይ ከቤቱ ሲወስዱት እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሰው በሰው እዚህ ደርሳ ሥራ ብትይዝም፣ ሆዷ መግፋቱ ሲታይ ሲኞራዋ በሩን አሳየቻት። የወለደችው እኛ ዘንድ ነው። ልጅቷን በባሏ እናት ስም ለተንኪኤል አለቻት። ጥቅምት ላይ የፀሐይ ጡት ደረቀ። እንዴት አይደርቅ? የዱቄት ወተት በአስቤዛው ላይ እንዲታሰብልን ብለምንዎ፣ «ለአንዲት ሕፃን የተለየ በጀት ከያዝን ነገ ሁሉም የተለየ ይጠይቃል፤ መርሐችን እኩልነት ነው» አሉኝ። ሕፃኗ ጥርስ ስላላበቀለች ከእኛ እኩል ደረቅ ዳቦ መብላት አልቻለችም፤ ለዚህ ጥፋቷ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። የቤቱ ሴቶች ግን መርሑን ጥሰው እራታቸውን እየተዉ ወተቱን እንድገዛ ፈቀዱልኝ። እንዲህ እየተባባልን ኅዳር ገባ።

፬ኛ. ከኅዳር የመጀመሪያ ቀናት በአንዱ፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሰዎች ቅዳሜ ቤቱን ሊያዩ እንደሚመጡና ምናልባትም በየወሩ እንደሚረዱን እርስዎ ራስዎ ሊነግሩን መጡ። ከደስታችን ሳንመለስ ግን «ቤቱ የተራበ መምሰል የለበትም፤ ክብር አለን» ብለው ዶሮ፣ የበግ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ወይን እንድገዛ አዘዙኝ።

«አቶ ግዛቸው፣ ወሩ ሳይጋመስ ይህን ሁሉ ካወጣን ለሕፃኗ ወተት አይኖርም» ብልዎ፣ «አንቺ ደግሞ! እርዳታው ሲመጣ ሁሉም ይተካል» አሉኝ።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ፤ በሉ፤ ጣታቸውንም ላሱ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ወደ ፀሐይ ዞር ብለው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትበሉት?» ብለው ጠየቋት። ፀሐይ ልጇን ታቅፋ አፏን ልትከፍት ስትል እርስዎ «ሴምፕሬ! ሴምፕሬ! ሁልጊዜ ነው!» ብለው ቀደሟት። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። ከሳምንት በኋላ የመጣው መልስ፣ የቤቱ ኑሮ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ እርዳታው ይበልጥ ለተቸገሩ ተላልፏል የሚል ነበር። አልፈርድባቸውም። በዚያ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይፈርድ ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽሙጥ ሳልጨምርበት ልንገርዎ።

ፀሐይ የቀረችውን የወተት ዱቄት በውኃ እያበዛች ማጠጣት ጀመረች። ሕፃኗ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ማልቀሷን ተወች። ተሻላት ብለን ደስ አለን። አንድ ቀን ጠዋት ላጥባት ብዬ ልብሷን ሳወልቅ እግሮቿ እንደ ወፍ እግር ቀጥነው፣ ዓይኗም ከዓይኔ ጋር አልገጥም አለኝ። በነጠላ ጠቅልለን ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሙ መርምሯት ሲጨርስ ወደ እናቲቱ ዞሮ፣ «ሲኞራ፣ ይህች ልጅ ሕመም የለባትም፤ ርቧታል» አላት። የፀሐይ ጣልያንኛ እንደነገሩ ነው፤ «ፋሜ»፣ ረሃብ፣ የምትለዋን ቃል ግን አስተርጓሚ ሳያስፈልጋት ሰማቻት። ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «አልሞተችም፣ በሕይወት አለች፣ ትተነፍሳለች» ብላት አትሰማኝም።

ሕፃኗ ዳነች። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ወደ የት ትሂድ? ፀሐይ አሠሪዎቿ ቤት እያደረች የምትሠራው ሥራ አገኘች፤ ቤተሰቡ ሠራተኛ እንጂ ልጅ አልፈለገም። ስለዚህ ለተንኪኤልን ከከተማ ወጣ ብሎ መነኮሳይያት ሕፃናትን ወደሚያሳድጉበት ኢስቲቱቶ ይዘናት ሄድን። በሩ ላይ ፀሐይ መነኩሲቷን በአማርኛ «በቀኝ ጎኗ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጆሮዋን ሲዳብሷት ዝም ትላለች» ብላ አደራ ትላታለች። መነኩሲቷ ምንም ሳይገባት ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ የቻልኩትን ያህል አስተረጎምኩ። «ዳበሳ» በጣልያንኛ ምን እንደሚባል ግን አላወቅሁም፤ የሕፃኗን ጆሮ በእጄ አሳየኋት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፀሐይ አላለቀሰችም። ፖንቴ ማሞሎ ስንደርስ «እትዬ የሻረግ፣ አሁን እሷ ትጠግባለች አይደል?» አለችኝ። «ትጠግባለች» አልኳት።

፭ኛ. የታኅሣሥ ወር ሲያልቅ ጉባኤ ጠርተው፣ በጀቱ ከተደነገገ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ አስቤዛ ተራፊ ማስገኘቱን አበሠሩ። በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ፤ ተጨበጨበ። «ወይዘሮ የሻረግ እንዴት አድርገው እንደቆጠቡ ተነሥተው ለእኅቶቻቸው ያስረዱ» አሉ። አልተነሣሁም። ያልመለስኩትን ጥያቄ በዚህ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከቤቱ አንዲት እናትና አንዲት ሕፃን ማስወጣት ነው። ሌሎች ቤቶችም ቢሞክሩት በአንድ ወር ውስጥ ውጤቱን ያዩታል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ፀሐይ ቀን እየሠራች ማታ እዚህ ብታድር፣ ልጇን ቀኑን ሙሉ እኔ ልይዝላት ዝግጁ ነኝ፤ ደመወዝ አልፈልግም። አልጋው አለ፤ ሴቶቹም ተስማምተዋል። የጎደለው የልጅቷ ወተት ብቻ ነው። አቶ ግዛቸው፣ እስካሁን በአክብሮት ልሸነቁጥዎ ስሞክር ቆየሁ፤ አሁን ግን አቅሙ አለቀብኝ። እባክዎ። እግርዎ ላይ ውደቂ ካሉኝ እወድቃለሁ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቂ ካሉኝም እጠይቃለሁ። ልጅቷን መልሱልን። እሑድ እሑድ ልንጠይቃት ሄደን፣ ሰዓቱ ደርሶ ስንነሣ የምታየንን አስተያየት ከዚህ በኋላ አልችለውም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ ሰሌዳውን ስላጣበብኩ፣ ለወረቀቱና ለሙጫው የወጣውንም ከድርሻዬ ዳቦ ለመተካት ቃል እየገባሁ፣ ለሊቀመንበርነትዎ ዘመን መርዘምን፣ ለወንበርዎ መመቸትን፣ ለማዕድዎ በረከትን የምመኝ፣

በተራፊ ገንዘብ የተመሰገነችው አገልጋይዎ
የሻረግ
ሮማ፣ ጥር ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ መነኮሳይያቱ ለተንኪኤል የሚለው ስም አልያዝ ስላላቸው ሌቲዝያ ብለዋታል፤ ባለፈው እሑድ በዚያ ስም ሲጠሯት ዞራ አየች። ነገ ከነገ ወዲያ አፍ ትፈታለች፤ የምትፈታውም በጣልያንኛ ነው። የእናቷ ጣልያንኛ ደግሞ ከኩሽና አያልፍም። ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩ እርስዎ ስለሆኑ፣ ጊዜው ሲደርስ በእናትና በልጅ መካከል ቆመው እንዲያስተረጉሙልን ከወዲሁ በትሕትና አመለክታለሁ። የድካምዎ ዋጋ ከተራፊው ይታሰብልዎ።