ለአንድ አያት የመሳሳት ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ዴ ብራውነ
የማታ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ወይዘሮዋም እንደምን ከረማችሁ? ይህ የዜላንድ አውራጃችን እርጥብ ነፋስ ወገብዎን እንዳልጎዳብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ደረጃውን ወጥተው ክፍላችንን ጎብኝተውት ስለማያውቁ፣ ያው ወገብዎ ቢሆን ነው ብዬ ገምቼ ነው።

እኔ ፒተርኔላ ሚንደርሃውት እባላለሁ፤ ወደቡ ጥግ ባለው ዓሣ መሸጫ ነው የምሠራው። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህ ደብተር ይዤ ስለማላውቅ፣ የማክሰኞ ማታው እንግሊዝኛ ለእኔ ሠርግ ነበር። ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ መስተዋድድ እያልኩ ዓሣ ስመዝን ደንበኞቼን ሳሰለች ከረምኩ። ፈተናውንም አለፍኩ። እንደ ወጋችን፣ ፈተና እንዳለፉ ተማሪ ልጆች ባንዲራ ሰቅዬ ቦርሳዬን ከዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባለቤቴን «በሚስትህ እንኳን ደስ አለህ» ሲለው ዋለ። ስለዚህ የምጽፍልዎ የወደቀ ሰው ቂም ይዞኝ አይደለም። የምጽፍልዎ አጠገቤ ይቀመጡ ስለነበሩት ስለ አዛውንቱ ማሪኑስ ነው።

ማሪኑስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባሕር ዛጎል ሲያወጡ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ያኮሚና ኒውዚላንድ ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ ብቸኛዋ የልጅ ልጃቸው ሄዘር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም። በበጋው ለአያቷ ልደት እመጣለሁ ስላለች ነው ወደ እርስዎ ትምህርት ቤት የመጡት፤ ከእሷ ጋር ለመጫወት ብቻ። አቤቱታዬንና ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የጽሑፍ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ወደ ንግግር ክፍል እንዳይገባ ስለደነገጉ እናመሰግናለን። ማሪኑስ ሲመጡ መናገር ይችሉ ነበር። ወደባችን ከሚቆሙ እንግሊዛውያን መርከበኞች ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛና በሁለት እጃቸው ሲከራከሩ፣ ሲስቁ፣ ሲያስቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ደንብዎ ግን ይህን ቸል አላለም፤ ዝም አሰኝቶ ቃላትን በየሳጥናቸው እንዲመድቡ አስቀመጣቸው።

2. ስለ ቀዩ ብዕርም እናመሰግናለን። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ በሆላንዶቹ ቋንቋ «ቆንጆ ዘፈን» ለማለትም «ቆንጆ ይዘፍናል» ለማለትም ያው አንድ «ቆንጆ» ይበቃናል፤ እንግሊዞች ግን ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛው ጭራ ይቀጥሉለታል። ማሪኑስ ስሜን አቆላምጠው «ኔልዬ፣ ዛጎል ጭራ የለውም፤ እኔ ጭራ የት እንደሚቀጠል በምን አውቄ?» ሲሉኝ መምህራችን ወይዘሪት አኔሚክ ሳትቀር ሳቀች። እንደ ልማዳችን «ከተወለድኩ ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ብለው ጽፈው የግሱ ጊዜ ተሳስቷል ተብሎ ሲሰረዝባቸውም «ምነው፣ መኖሬን አቆምኩ እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ ገና ይቀልዱ ነበር። ወረቀቱ «የግስ ጊዜያት፦ በቂ አይደለም» የሚል ማኅተም እየተመታበት ሲመላለስባቸው ግን ቀልዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስናወራቸው እንኳ መልሱን በልባቸው አርመው እስኪጨርሱ እንጠብቃቸው ጀመር።

ወይዘሪት አኔሚክ ሰውየው ከንግግር ክፍሉ ጥግ እንዲቀመጡ ብቻ እንዲፈቀድላት ጠይቃዎት፣ ደንብ ለሁሉም እኩል ነው ብለው እንደመለሱላት ነግራናለች። ስለ እኩልነቱ ልዩ ምስጋናችን ይድረስዎ።

3. ይህኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ልደቱ ደረሰ፤ ሄዘርም መጣች። እንደ ወጋችን ወንበሩን ክብ ሠርተን፣ ቁራሽ ኬካችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀምጠናል። ልጅቱ በልደት ቀን ለእንግዳው ሁሉ የምንለውን የእኛን «እንኳን ደስ አላችሁ» ተለማምዳ ኖሮ፣ ያንኑ ቃል አጣምማ፣ ሰባብራ፣ የሁላችንንም እጅ እየጨበጠች ዞረች። እንዴት እንደወደድናት አልነግርዎትም። ማንም አላረማትም።

ከዚያ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና ሴት አያቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ማሪኑስ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የግሱን ጊዜ እየፈለጉ ነበር፦ ያለቀ ነገር ነው? ገና ያላለቀ ነው? ልጅቱ ፈገግ እንዳለች ጠበቀች። ጠበቀች። በመጨረሻ ከአፋቸው የወጣው «ቡና?» የሚል አንድ ቃል ነበር። እሺ አለች። እሳቸው ተነሥተው ወደ ማድቤት ገቡና የታጠበውን ስኒ መልሰው ማጠብ ያዙ።

ስትሄድ በር ላይ ያዘችኝ፤ «አያቴ መምጣቴን አልወደዱትም አይደል?» አለችኝ። እኔ ባለ ምስክር ወረቀቷ፣ ግሱን ሁሉ በትክክለኛ ጊዜው አስቀምጬ መለስኩላት። አላመነችኝም።

አሁን እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ስልኩ ይጮኻል፤ እሳቸው ያዩታል።

«ያንሡት እንጂ፣ እንደመጣልዎ ያውሩ» ብላቸው፣ «ፈተናውን ልለፍና ኔልዬ። ልጅቱ አያቷን እንደ መሃይም ትስማ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ስለ ሴትዮዬ የጠየቀችኝን እኮ መልሱን አግኝቼዋለሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ አጣሁ እንጂ» አሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። እባክዎ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ፦ «ማሪኑስ ለልጅ ልጃቸው ስለ ሟች ባለቤታቸው በፈለጉት የግስ ጊዜ እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸዋል» ብለው ይጻፉና ማኅተምዎን ይምቱበት። እኔ ብነግራቸው ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ አይሰሙኝም። ማኅተሙን ግን ያምናሉ። እርስዎ ዘንድ የቀለም ጠብታ ነው፤ እዚያ ቤት ግን ስልክ የሚያስነሣ እሱ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ስለ ደንብዎ ጽናትና ስለ ብዕርዎ አለመድከም ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ውጤቷን በኩራት የሰቀለችው

ታዛዥዎ ፒተርኔላ ሚንደርሃውት

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ ስሕተት ካገኙ ያስምሩበት፤ እኔ አላፍርም። ማፈርን በሚገባ የተማሩት ማሪኑስ ናቸው። በትምህርት ቤትዎ ያለፉት ትምህርት እሱ ብቻ ነው።