የባዶው ግድግዳ ታሪክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤ በሚደርስበት ቦታ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ግን አንተን ማናገር የለመደ አፌ ዝም ማለት አቃተው። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደግኸኝ አንተ ነህ፤ ጸጉሬን የጎነጎንከው፣ ጎንጉነህም ያጣመምከው አንተ ነህ። ታዲያ ይህን ለማን ልንገር?

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የደወለ ዕለት ስልኩን ያነሳው አባባ ነበር። እንግዶች ፊት ከደረጃ ወድቀህ መሞትህን፣ ሰሞኑን ስትንገዳገድ መታየትህን፣ ሳትጠጣ እንዳልቀረህ ነገረው። እኛ እስክንሰማ እዚያው ቀብረውህ ነበር። አባባ ስልኩን አስቀምጦ ወደ እንጨቱና ወደ መላጊያው ተመለሰ። «ጠጥቶ ነው የሞተው» አለኝ ቀና ሳይል፤ «በዚህ ቤት ለሰካራም አይለቀስም።» ታውቀዋለህ፤ አናጢነቱን ትተህ አስጎብኚ ከሆንክ ጀምሮ «አፉን አከራይቶ የሚኖር» እያለ ነው የሚጠራህ። ሊያጽናኑን የመጡትን ጎረቤቶች ከበር መለሳቸው። መለሳቸው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ነገራቸው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ አንተ የሚያወራው በሹክሹክታ ሆነ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ነው ያለቀስኩልህ።

ስካርህን አላመንኩም። አላምንም ማለት ግን ለአባባ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ጓደኛዬ ታማለች ብዬ ዋሸሁና አንተ ወደ ኖርክበት ከተማ ሄድኩ፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሆቴልህ ውስጥ ክፍል ያዝኩ።

ጉድ ነው የሠራኸኝ። በስልክ ስታወራልኝ ቤተ መንግሥት መስሎኝ ነበር። ያ የምትመጻደቅበት የእንጨት አሳንሰር ከቆመ ዘመን ሆኖታል፤ በሩ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደግፎበታል። ምንጣፉ በየቦታው ተጥፏል፣ ቧንቧው ውሃ ከመስጠቱ በፊት ያጉረመርማል፣ የድሮ እንግዶች ፎቶግራፍ ከነመስታወቱ ቢጫ ሆኗል። ሽማግሌ ሆቴል ነው ወንድም ጋሼ፤ አንተ ግን ስታወራው ሙሽራ ነበር። አልጋው ሰፊ ነው፤ አልተኛሁበትም።

በጠዋት ከጎብኚዎቹ ጋር ተቀላቀልኩ። በአንተ ቦታ የተተካው አስጎብኚ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው። እህትህ መሆኔን አልነገርኩትም። አፉን ሲከፍት ግን ወደ ፊት ተጠጋሁ። «ጫማችሁ ካልተመቻችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ታሪኩ ካልተመቻችሁ ግን ችላችሁ ስሙ» አለ። የአንተ ቃል፣ በአንተ ዜማ። የሥራችሁን ወግ አንተው ነግረኸኛል፤ አዲሱ አስጎብኚ አንድ የጉብኝት ወቅት ሙሉ ከአሮጌው ኋላ ኋላ እየሄደ ቃሉንም የእጁንም አነሳስ ይቀዳል። እንዲህ አድርጎ መቅዳቱን ግን አላሰብኩም ነበር። የቆምኩት ከአንተ ፊት ነበር፤ ፊቱ ብቻ የሌላ ሰው።

ትልቁን የእብነ በረድ ደረጃ መውጣት ጀመርን። መሐል ስንደርስ ቆመ። ግራ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ አንገቱን ደፋ፣ ቀስ ብሎ ተነፈሰና «እዚህ ጋ ቆም ብለን እንመልከት» አለ። ፊታችን ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ሥዕል የለ፣ መስኮት የለ።

«ምኑን ነው የምንመለከተው? ኖራውን?» አለ አንድ ጎብኚ። ሰዎች ሳቁ።

አስጎብኚው አልተደናገጠም። አንድ ሠዓሊ በዚህ ግድግዳ ላይ ሊስል ቃል ገብቶ እንደቀረ፣ ባለቤቶቹም ይመጣል እያሉ ሌላ ሥዕል ሳይሰቅሉበት እንደኖሩ አጫወተን። ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ግድግዳውን ፎቶ አነሳችው።

ከዚያ ከሆቴሉ ወጥተን ወደ ከተማው የድንጋይ ድልድይ ሄድን። መሐሉ ላይ ቆመ፤ ግራ እጁ የድልድዩ ከለላ ላይ፣ አንገቱ ወደ ታች፣ ከዚያ የአንዲት ሙሽራ ታሪክ። ከዚያ የደወሉ ማማ። እዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ታሪኮቹ እየተቀራረቡ ሄዱ። የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ታሪክ። ትንሽ እንወጣለን፣ የዛገ ምስማር፣ ታሪክ። አስጎብኚው ጤነኛ ነው፤ አንዴም አላለከለከም፤ እጁን ግን በየቦታው ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። እዚያ ደረጃ ላይ ነው የገባኝ። ትንፋሽህ ባጠረህ ቦታ ሁሉ ታሪክ ፈጥረህ ነበር።

ጎብኚዎቹ ከላይ ከተማውን ሲያዩ ወደ ጎን ጠራሁት።

«እጅህን ለምንድን ነው ግድግዳው ላይ የምታደርገው?»

«እንደዚያ ነው የተማርኩት የኔ እህት። እንግዳው እንዲረጋጋ ነው።»

«ያስተማረህ ሰውዬ ከድሮም እንዲህ በየደረጃው ይቆም ነበር?»

አሰበ። «አይ፣ መጀመሪያ ላይ ማማው ላይ አንድ ታሪክ ብቻ ነበረው። በኋላ በኋላ ነው የበዛው። ሥራው እየጣመው የሄደ መስሎኝ…» እጁን አየው።

«ወንድሜ ነው» አልኩት። «ይጠጣ ነበር?»

«ኧረ! ጠርሙስ አጠገብ አይደርስም ነበር። ሲንገዳገድ ያዩት እንግዶች አቤት ሲሉ ነው ሥራ አስኪያጁ ሰክሮ ነው ያለው። ታማሚ ሰው ደረጃ አስወጣ ከመባል ያ ይሻለው ነበር።» መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠራረገው። «ከኋላው ነበርኩኮ። ወቅቱን ሙሉ ከኋላው ነበርኩ። ያየሁትን ሁሉ ስቀዳ እንጂ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።»

መቃብርህን አሳየኝ። ከሆቴሉ ጀርባ ነው፤ ጎብኚ አይመጣበትም። እዚያ ተናድጄብሃለሁ፤ ልንገርህ። በየሳምንቱ ስደውልልህ እየቀለድክ «ደህና ነኝ» ያልከኝን ሁሉ አስታውሼ ተናደድኩ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ጨርቄን ማቄን ሳልል እመጣልህ ነበር።

ቤት ስደርስ አባባ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር። ልነግረው ጀመርኩ፤ መላጊያውን አላቆመም። ድምፄ በመላጊያው ጩኸት ጠፋ። ቃል ሲያቅተኝ የሥራ ጠረጴዛው ፊት መራመድ ጀመርኩ። ጥቂት ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ግራ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ደግሞ ጥቂት ሄድኩ፣ ቆምኩ።

መላጊያው ዝም አለ።

«ማን ነው ይሄን ያሳየሽ?»

«አስጎብኚው። ወንድም ጋሼ መጨረሻው ላይ እንዲህ ነበር።»

አባባ መላጊያውን አስቀምጦ እጄን አየ። «ይሄ የእናትሽ አቋቋም ነው» አለ። «ውሃ ይዛ ስትመጣ በየመንገዱ እንዲህ ትቆም ነበር። እኔ ሰነፍ ነች እል ነበር። ለሰውም እንደዚያው ነበር የምናገረው።»

ከዚያ ጠርቡ ላይ ቁጭ አለና በስምህ ጠራህ። ከቤት ከወጣህ ወዲህ ስምህ ከአፉ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ አላባበልኩትም። ቢመረኝ አትፍረድብኝ፤ ሄጄ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ፤ አባባም ለእያንዳንዳቸው «ልጄ አልጠጣም፤ ታሞ ነበር» እያለ ነገራቸው። አንዳንዶቹ አመኑት። አንዳንዶቹ ለሽማግሌ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አልቅሰንልሃል ወንድም ጋሼ። ዘግይተን ነው፣ ግን አልቅሰንልሃል። እናቴንም በፎቶግራፍ እንጂ ቆማ አይቻት አላውቅም ነበር፤ አሁን እንዴት እንደምትቆም አውቃለሁ። ሰሞኑን ደረጃ ስወጣ ራሴን አዳምጣለሁ። ሐኪም ጋ እንድሄድ አባባ በየቀኑ ይነዘንዘኛል፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ።

ያሳደግሃት እህትህ