በቀን ስምንት ብርጭቆ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሕክምናውን ትታ ጠበል ገባች መባሌ ውሸት ነው። ወሬውን ዛሬ ጠዋት ያመጣችልኝ ጎረቤቴ አልማዝ ናት፤ የእድር ሴቶች ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ሲያወሩት ሰምታ። ጠበል አልገባሁም። የምሄደው ሐኪም ቤት ነው፤ አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። የጡቴ እብጠት ካንሰር መሆኑ ከታወቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። የቀረው የሰው ጭማሪ ነው።

"ታዲያ ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

"ራሷ ትናገራለች በያቸው።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?"



ነገ የቀረው ምርመራ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል። ደም፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ በመጨረሻ ሲቲ ስካን። ውጤቱ ተሟልቶ ዓርብ ከሰዓት ለሐኪሞቹ ስብሰባ ከቀረበ ኬሞው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል። ካልተሟላ ሌላው ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እብጠቱ ቶሎ ቶሎ እያደገ ስለሆነ የምታክመኝ ሐኪም መቆየቱን አልወደደችውም። እኔም አልወደድኩትም።

ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አስሬያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት ፍለጋ ቦርሳ አያገላብጥም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አላለቀም።

የእህቴ ልጅ ሶስና ፈቃድ ወስዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አደረሰችኝ። ከካዛንቺስ እስከዚያ ዝናቡ አላባራም። ደም የሚቀዳው ልጅ ዕድሜዬን ስልሳ አንድ ብሎ ጻፈ። ሰባ አንድ ነው፣ ይታረም አልኩት።

"እማማ፣ ወጣት ስላደረግኩዎት ነው የሚቆጡኝ?"

"ያለው ይጻፍ።"

አረመው። ቀጥሎ ነርሷ የጥያቄ ቅጽ ሞላችልኝ። ውሃ በደንብ ይጠጣሉ? እጠጣለሁ አልኩ። እሱንም እንደነገርኳት ጻፈችው።

የልብ ምርመራው ደህና ነው። ጄሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ያየችኝ ሴት ግን ሸፍናኝ ነው የሠራችው፤ አመሰገንኳት። ለሲቲ ስካን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ወረፋ ጠበቅን። ልብሴን ቀይሬ ከተቀመጥኩ በኋላ ሐኪሟ ራሷ የደሙን ውጤት ይዛ መጣች። የኩላሊት ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት እንዲህ ያለ ኩላሊት ይጎዳል።

"ባለፈው ደህና ነበሩ። ምን ተለወጠ?"

"ምንም።"

ሐሙስ ደሙ ይደገማል ብላ ወደ ቤት መለሰችኝ። ካልወረደ ዓርብ አይታሰብም።

ሶስና መኪናውን ሳታስነሣ ዞራ አየችኝ። "እቴቴ፣ ማለቴ... ውሃ ከጠጣሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?"

"ከትናንት ማታ።"

"ትናንትስ ስንት ጠጣሽ?"

አንድ ሲኒ ሻይ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ላይ ምንም አላደረስኩም፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ነው የምቀምሰው። ይህን ነገርኳት።

"በቃ፣ ለዶክተሯ እደውላለሁ።"

"አትደውዪም።"

ደወለች። ለምርመራው የተሰጠኝን የትእዛዝ ወረቀት ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ምግብ ይከለከላል፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ። ትናንት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ለምን እንደደበቅኩ እዚህ ልጻፈው። ሐኪሟ ብትሰማ ጾምሽን ፍቺ ትለኛለች ብዬ ነው። ሌላም አለ። አሥራ ስድስቱን ቀን ሳላጎድል ከጨረስኩ እብጠቱ ባለበት ይቆማል ብዬ በልቤ ተዋውዬ ነበር። ማንም አላዋዋለኝም። ለአልማዝ ውሸት ነው ያልኩት ወሬ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አጎንብሰው ሰሙኝ።

"ወለተ ማርያም፣ በሽታሽን የነገርሽኝ ቀን ምን ብዬሽ ነበር?"

"የታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም።"

"ሰምተሽ ምን አደረግሽ?"

"ጾምኩ።"

ጢማቸውን ያዙ። የሳቁ መሰለኝ። "እንግዲያው ቀኖና እሰጥሻለሁ።"

ስግደት ጠበቅኩ። ጉልበቴን አሰብኩ።

"በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ። የመጀመሪያው ሳይነጋ። አንድ ብታጎድዪ ደግሞ ትመጫለሽ።"

"አባቴ፣ በፍልሰታ?"

"በፍልሰታ።"

እቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ቆሜ ጠጣሁ። እስከ ማታ ሰባት ብርጭቆ ሆነ፤ ስምንተኛውን አልጋዬ ላይ ጨረስኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሌሊት አራት ጊዜ ተነሣሁ። አልማዝ በግድግዳው ሰምታኛለች። "ዛሬስ ጠበሉ እቤትሽ ድረስ መጣ መሰል" አለችኝ። ስለ ጡቴም፣ ስለ ውሃውም ነገርኳት። ከዚያ ጃንጥላዋን አዋሰችኝ።

ሐኪም ቤት ደሙን ቀዱ። ከሶስና ሰምታ ቢሆንም ለሐኪሟ በራሴ አፍ ነገርኳት፤ በቅጹ ላይ ያስሞላሁትም ይታረም አልኩ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ከኔ የሚደብቁት ነገር መድኃኒቱን ያሳስተኛል፤ እሺ እማማ?"

"እሺ።"

ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ሶስና አጠገቤ ተቀምጣ የመሥሪያ ቤቷን ስልክ እየመለሰች አራት ሰዓት ያህል ቆየን። ውጤቱ ወርዷል፤ እስከሚፈለገው ድረስ ግን አልወረደም። ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ይታያል። ደህና ከሆነ ወዲያው ሲቲ ስካን ያስገቡኛል፤ ፋይሌም ለከሰዓቱ ስብሰባ ይደርሳል። ካልሆነ ሁለት ሳምንት ነው። ሐኪሟ ተስፋ አለኝ አለች። ቃል አልሰጠችኝም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት። አንድ ብርጭቆ፣ ከጸሎት በኋላ ሁለተኛ። ምግብ የለም።

ሶስና ስትመጣ በር ላይ እንዳላስጠብቃት ለብሼ መቆየት።

ለሐኪሟ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ከግንቦት ጀምሮ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝን የወገቤን ሕመም መንገር። ለማንም አልነገርኩም። እዚህም አልጻፍኩትም ነበር።