ቅሬ የገባንበት ቀን

ሐይቅ፣ እሑድ፣ ኅዳር 14

ከአዲስ አበባ ወደዚህ የመጣነው ለሙከራ ነው። ባለቤቴ ፎዚያ ካልተመቻት ልንመለስ ተስማምተናል። እስካሁን ቁርጡን አልነገረችኝም፤ መጋረጃዎቿ ግን ካርቶናቸው ውስጥ እንደታሸጉ ናቸው።

ጠዋት ብቻዬን ሳመዛዝን ነበር። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ዓሣው ትኩስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሐይቁ በሳሎናችን መስኮት ይታያል። በሌላ በኩል የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ መጽሐፍ ካማረኝ ደሴ መውጣት አለብኝ፤ ዳቦ ልገዛ ስወጣም የት እንደምሄድ ለሰፈሩ በሙሉ ማስረዳት ይጠበቅብኛል።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ አያ ይማም መጡ፤ እዚህ እድርን ቅሬ ይሉታል።

«ባለፈው ለቅሶ አንተ ድንኳን ስትተክል፣ እሷም ውሃ ስትቀዳ አይተናል» አሉኝ። «እንግዲህ ቅሬያችን ገብታችኋል። ስትሞቱ እኛ እንቀብራችኋለን።»

«አያ ይማም፣ እኛ እኮ እዚህ መኖራችንንም ገና አልወሰንንም።»

«ኑሮውን ቀስ ብላችሁ ተመካከሩበት። ቀብሩ አልቋል።»

ፎዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አዲስ አበባ እኮ ጎረቤታችን ስማችንን እንኳ አያውቅም ነበር!»

አያ ይማም ዱዓ አድርገውልን ወጡ። እሷ ወዲያው ካርቶኑን ቀደደችው። እኔ በዓሣና በኪራይ ሳግባባት የከረምኩትን ሴት እሳቸው በቀብር አሳመኗት።

መጋረጃው ተሰቅሏል። ወፍራም ነው፤ ሐይቁን ድራሹን አጥፍቶታል። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድም፤ እኛም እንደዚያው።